የስልክ ሻጮቹ አራሚ

ሰውየው አራሚ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት፣ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ሌሎች የጻፉትን ሲያነብና ሲያቃና ኖረ። የመድኃኒት መግለጫ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የመሥሪያ ቤት መመሪያ፣ ደራሲው ራሱ ያልገባው ግጥም፣ ሁሉም በእጁ አልፏል። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች በስሙ አይጠሩትም፤ «ጋሽ አራት ነጥብ» ነበር የሚሉት። አንድ ደራሲ «ዓረፍተ ነገሬን ለምን ለሁለት ቆረጥከው?» ብሎ ሊጣላው በመጣ ቁጥር፣ አራሚው ደራሲው የልቡን ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቅና «ትንፋሽ ስለሚያጥር ነው» ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ጡረታ ሲወጣም ማተሚያ ቤቱ አልለቀቀውም። በየሳምንቱ አንድ ወፍራም ፖስታ ይላክለታል፤ እሱም ቤቱ ሆኖ አርሞ ይመልሳል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። የምግብ ጠረጴዛው ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ሥር ተጠግቷል። ላዩ ላይ ቀይ እስክሪብቶ፣ ጠርዙ የተበላ የእንጨት ማስመሪያ፣ የመነጽር ማኅደርና አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት አለ። ምሳ የሚበሉት መዝገበ ቃላቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው።

ሥራውን ብቻውን አይሠራም። ባለቤቱ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል ፊደል ስታስቆጥር የኖረች መምህርት ናት፤ ሠፈሩ ዛሬም «መምህርቷ» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሷ የደራሲውን ዋና ጽሑፍ ከነሥርዓተ ነጥቡ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ ከማተሚያ ቤት የመጣውን የሙከራ ወረቀት፣ ማስመሪያውን ከመስመር ሥር እያንሸራተተ ይከተላታል። «ንቦች ነጠላ ሰረዝ ጤዛው ሳይረግፍ ነጠላ ሰረዝ ከቀፎ አይወጡም አራት ነጥብ» ትላለች፣ ለሰባት ዓመት ልጅ እንደሚነበብ ቃሉን አጥርታ። ከሥራቸው ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው የጥርስ ሐኪም መጀመሪያ ሰሞን ድምፅዋን በመስኮት ሲሰማ ጤና ያጣች መስሎት፣ ባልየውን ደረጃ ላይ አግኝቶ «አይዞህ፣ ቻለው» ብሎት ነበር።

ስልኩ ያለው ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ ማስቀመጫው በላይ ነው። የሕንፃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ተንቀሳቃሽ ስልክ ቤት ውስጥ ይቆራረጣል፤ ማተሚያ ቤቱም የሚደውለው በዚሁ ባለሽቦ ስልክ ነው። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ግን እታለም አለች። እታለም የአራሚው ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። የምትኖረው በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። በቃሏ የምታውቀው የስልክ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው። ስትፈልግ ትደውላለች፤ ስትደውል መነሳት አለበት።

ጣጣው የመጣው በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። መምህርቷ አንድ ቅዳሜ የቤት ዕቃ መደብር ገብታ፣ ዕጣ ለሚደርሰው ማንቆርቆሪያ ይሰጣል ሲሏት፣ ስሟንና የቤት ስልኳን በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች። ማንቆርቆሪያው አልደረሳትም። ስልኩ ግን ደረሳት። ከሳምንት በኋላ አንዱ ውኃ ማጣሪያ ሊሸጥላት ደወለ። በማግስቱ ፍራሽ። ቀጥሎ የምንጣፍ እጥበት፣ ከዚያ ድስት፣ ከዚያ ደግሞ ያው ውኃ ማጣሪያ፣ ነገር ግን በሌላ ድምፅ። ሁሉም የሚደውሉት ልክ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሥራው ሲሟሟቅ ነው። ማስመሪያው ይቆማል፤ አንዳቸው ብድግ ይላሉ፤ ኮሪደሩ ላይ «አንፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ይባላል፤ ተመልሰው ሲቀመጡ የት እንደደረሱ ይጠፋቸዋል።

ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። አንዴ የቀብር ዋስትና የሚሸጥ አንድ ጎርናና ድምፅ «ባለቤትዎ አሉ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ መምህርቷ ለመገላገል ብላ «ሞቷል» አለችው። ሰውየው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለና፣ «እርስዎስ እናቴ፣ ለራስዎ አስበውበታል?» ብሎ ቀጠለ። ዘግታ ስትመለስ ሟቹ ማስመሪያውን እንደያዘ አፍጥጦ ይጠብቃታል።

«ገደልሽኝ?»

«ምን ላድርግ፣ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።»

«እና ለቀቀሽ?»

«እኔንም ሊቀብረኝ ነው።»

ቀጥሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ለማለት ሞከሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ ሲጮህ አላነሱም። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የማተሚያ ቤቱ ሹፌር እያለከለከ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ደበደበ። ሁለቱንም በጤና ቆመው ሲያያቸው ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። እታለም ደውላ ደውላ የሚያነሳ ስታጣ፣ ማተሚያ ቤቱ ስልክ ላይ «ወንድሜ ምን ሆኖ ነው፣ አትደብቁኝ!» እያለች ስታለቅስ ነበር። አራሚው ወዲያው ደወለላት፤ እስኪበቃው ተሰደበ። ከዚያ ወዲያ አለማንሳት የሚባል ነገር ቀረ።

ይህን ሁሉ ግን እየሳቁ ቻሉት። ያልቻሉት የንቡን መጽሐፍ ነው።

ለንብ አናቢዎች የተዘጋጀ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ነበር። ገጽ ስድሳ ሁለት ላይ ሳሉ ስልኩ ጮኸ። ድስት ነበር። መምህርቷ ተነጋግራ ተመለሰችና «የት ነበርን?» አለች። «‹መከላከያ ልብስዎን› ላይ» አላት። ቀጠሉ። ገጹ ላይ ግን «መከላከያ ልብስዎን» የሚለው ሁለት ቦታ ነበር፤ ፊደል ለቃሚው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ዘሎ መሀል ያለውን ጥሎታል፣ እነሱም በዚያው በዘለለበት ቦታ ነበር ሥራቸውን የቀጠሉት። ደራሲው የጻፈው «ቀፎውን ከመክፈትዎ በፊት መከላከያ ልብስዎን ይልበሱ። ሥራዎን ጨርሰው ከቀፎው ሃያ እርምጃ ከራቁ በኋላ መከላከያ ልብስዎን ያውልቁ» የሚል ነበር። ታትሞ የወጣው «ቀፎውን ከመክፈትዎ በፊት መከላከያ ልብስዎን ያውልቁ» የሚል ሆነ።

ደግነቱ መጽሐፉ ገበያ ሳይወጣ፣ የማተሚያ ቤቱ ጠራዥ እየደረደረች ሳለ ዓይኗ አረፈበትና በሳቅ ፈነዳች። በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ትንሽ የእርማት ወረቀት ተለጠፈ። ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። «ያጋጥማል፣ ጋሼ» ነው ያለው። አራሚው ቢቆጣው ይመርጥ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በእሱ ጥፋት የእርማት ወረቀት ተለጥፎ አያውቅም። ቅስሙ ተሰበረ። ሁለት ቀን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዓይኑን ተክሎ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ሲጮህ መምህርቷን በእጁ ገታት። «ዛሬ እኔ ነኝ» አለ። ደሙ ፈልቷል። ወደ ኮሪደሩ ሲሄድ የሚናገረውን ስድብ በልቡ አሰናድቶ ጨርሷል፤ አንዳች ግድፈት እንደማይኖረውም እርግጠኛ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ፣ «እርስዎ ከተመረጡት ዕድለኛ ደንበኞቻችን መካከል አንዱ ስለሆንክ…»

ሊቆጣ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«እንዴት አልሽ?»

«እ… ዕድለኛ ደንበኛ ስለሆንክ…»

«‹እርስዎ› ብለሽ ጀምረሽ ‹ሆንክ› ብለሽ ትጨርሻለሽ? መሀል ላይ ምን አጥፍቼ ነው ያወረድሽኝ?»

ድምፁ ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ወረቀት አለሽ?»

«አዎ። እያነበብን ነው የምንደውለው።»

አራሚው ስድቡን እዚያው ረሳው። «ቆዪኝ፣ ልጄ» አለና ቀይ እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። «በይ ከመጀመሪያው። በቀስታ። ነጥቡንም ጥሪልኝ።»

«የምን ነጥብ?»

«ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ… ያለውን ሁሉ።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «ጋሼ፣ ነጥብ የለውም። ከላይ እስከ ታች አንድ ነው።»

አራሚው ጫማ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠ። «እና የት ነው የምትተነፍሺው?»

«አንተነፍስም» አለች። ከዚያ ምን እንዳለች ለራሷ ሲገባት ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ።

ጽሑፉ ጉድ ነበር። «የአጥንት ምሁራኖች የመሰከሩለት» ይላል። «ምሁራን ብቻውን ብዙ ነው» አላት፤ «ስንት ቢሰበሰቡ ነው ‹ኦች› የሚጨመርባቸው?» «ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚቆይ ዘላቂ ቅናሽ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ደግሞ «ዘላቂ ነው ወይስ አላቂ? ከሁለት አንዱን ምረጪ» አለ። «እንቅልፍዎን እንቅልፍ የሚያደርግ» የሚለውን ሳይጠይቃት በቀይ ሰረዘው። ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደባቸው። መጨረሻ ላይ በእጁ የቀረው ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ቀስ ብሎ አስጻፋት፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምደውለው ፍራሽ ለመሸጥ ነው። አሁን ጊዜ አለዎት? ፍራሹ ጀርባ ለሚያማቸው ሰዎች የተሠራ ነው። ጠንከር ያለ ነው፤ ግን አይቆረቁርም። ካልፈለጉ ሁለተኛ አንደውልም።»

ሴትዮዋ መልሳ አነበበችለት። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ። «እንዴት ቀላል ነው፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ሥራዋ ትዝ ሲላት፣ «እና… ፍራሹን ይገዙኛል?»

«አልገዛም።»

«እሺ» አለች፣ ምንም ሳይከፋት።

መምህርቷ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። «ልትሰድባት ሄደህ አስተምረሃት መጣህ?»

«ጽሑፉን ብታዪው አንቺም አትጨክኚም» አላት።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በማግስቱ ሌላ ደዋይ ደወለ፤ ወንድ ነው። «ጋሼ፣ የውኃ ማጣሪያውንም እንዲያዩልን…» በሦስተኛው ቀን የድስቱ መጣ። ፍራሹም፣ ማጣሪያውም፣ ድስቱም፣ ምንጣፍ እጥበቱም፣ ቀብሩም ሁሉ የሚደወለው ከአንድ አዳራሽ ነው ለካ፤ ነጋዴዎቹ አዳራሹን ተኮናትረው ነው የሚያስደውሉት። ወሬው በአንድ ቀን አዳራሹን አዳርሷል። አራሚው አንዱንም እምቢ ማለት አልቻለም። የተጣመመ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ማለፍ፣ ያልተቆለፈ ቁልፍ ሸሚዝ ላይ አይቶ ዝም እንደማለት ሆነበት። ሥራቸው ከበፊቱ ይልቅ ተጓተተ።

ነገሩን መልክ ያስያዘችው መምህርቷ ናት። አንድ ጠዋት ስልኩን ከእጁ ነጠቀችና፣ አርባ ልጅ ባንዴ ጸጥ ታሰኝበት በነበረው ድምፅዋ፣ «ይህ ቤት ጠዋት ክፍል ላይ ነው! ጥያቄ ያለው ከሰዓት፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ! ለሁሉም ንገር!» አለችና ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት የሚደውል ጠፋ። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ደወሉ አንድ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፤ አራሚውም ሻዩን ይዞ ጫማ ማስቀመጫው ላይ ይቀመጣል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃቸው ራሷ ደወለች። ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«እርስዎ ነዎት ሠራተኞቼን ሥራ የሚያስፈቱት?»

«እኔ አልደወልኩላቸውም፣ ልጄ። እነሱ ናቸው የሚደውሉልኝ።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያ ‹ጊዜ አለዎት› የሚለውን ማን አስገባው? ጊዜ አለዎት ካልናቸውማ የለንም ይላሉ!»

«ይበሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ቢገዛችሁስ ምን ይገዛችኋል? ስድብ ነው የሚሰጣችሁ።»

አለቃዪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሠራተኞቿ እንደ ድሮው በየሰዓቱ እንደማይሰደቡ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በስድብ ምክንያት ከወንበሯ ተነስታ ያለቀሰች አንዲትም እንደሌለች ነገረችው። ሥራ ይለቁብኛል ብላ ስትሰጋባቸው የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ደግሞ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። የደወለችው ልትቆጣው ነበር፤ ግን ስለዚህም ማውራት ፈልጋ ኖሯል። ምን ልክፈልዎት ስትለው አልፈልግም አለ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ቁጥር ከሚሸጥላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከፍራሹም ከቀብሩም፣ እንዲወጣ። ጽሑፉን ደግሞ በስልክ ሳይሆን በፖስታ ይላኩለት፤ ሲመቸው ያርማል።

«አሁኑኑ ይወጣል» አለችው። ቃሏንም ጠበቀች።

ጸጥታው ግሩም ነበር። አንድ የዋና ማስተማሪያ መጽሐፍ በስምንት ቀን ጨረሱ፤ አንድ ግድፈት አላመለጣቸውም። ኮሪደሩ ላይ የሚደውሉት ማተሚያ ቤቱና እታለም ብቻ ሆኑ። አልፎ አልፎ ከሌላ ቦታ የሚደውል አንዳንድ ሻጭ አይጠፋም፤ ያ ግን ዝናብ ካባራ በኋላ እንደሚወርድ ጠብታ ነው፣ መምህርቷ «አንፈልግም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትልና ወንበሯ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እታለም ደወለች። ደስ ብሏታል።

«ስማ እንጂ፣ ፍራሽ ገዛሁ።»

«ምን ገዛሽ?»

«ፍራሽ! አንዲት ጨዋ ልጅ ደውላልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለስንቱ ሻጭ ሞኝህን ፈልግ ስል ኖሬ፣ የዚችስ አንጀቴን በላችው። ጀርባ ለሚያማቸው ሰዎች የተሠራ ነው አለችኝ። ጠንከር ያለ ነው…» እታለም እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች፤ «ግን አይቆረቁርም።»

አራሚው ድርብ ሰረዙን በጆሮው ሰማው። የራሱ ነው። እጁ ላይ ያለው ሻይ እንዳይፈስ ጫማ ማስቀመጫው ላይ አስቀመጠው። መምህርቷ ፊቱን አይታ «ምን ሆነች?» አለች በምልክት። ጆሮ ማዳመጫውን አዞረላት። እታለም ከመጀመሪያው ደገመችላት። መምህርቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ የሳቋ ድምፅ ከዚያ ይሰማል።

እሱ ግን አልሳቀም። ያን ቀን እራቱ አልጣመው። ሰዋስው አረመ፤ እሺ። ነገር ግን ያ ፍራሽ ጀርባ ለሚያማቸው መሠራቱን ማን ነገረው? ወረቀቱ ላይ ስላለ ብቻ አሳምሮ ጻፈው። አንድም ቀን እንኳ ጎኑን አላሳረፈበትም። የተንሻፈፈ ነገር ሲሆን ማንም አያምነውም ነበር፤ እሱ አቃናው፣ እታለም አመነችው። ይህን ለመምህርቷ ሲነግራት ሳቋን አቆመች።

«ደውልና ንገራታ» አለችው።

ደወለ። «እታለም፣ ያ ‹ጠንከር ያለ ነው፤ ግን አይቆረቁርም› የሚለው… የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። ፍራሹን ግን አላውቀውም። ለጀርባ ይሁን አይሁን አላውቅም። ካልፈለግሽው መልሺው፣ እኔ አስመልስልሻለሁ።»

እታለም ሳቀች፤ የድሮ፣ ደረቷ ውስጥ የሚንከባለል ሳቅ። «እኔ ልጅ መስዬህ ነው? የኔ ጀርባ እንደሆነ የሰባ ስድስት ዓመት ጀርባ ነው፤ ፍራሽ ምን ያድርገው? የገዛሁት እኮ ለጀርባዬ አይደለም። ጊዜ አለዎት ወይ ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። ጊዜ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ታውቃለህ? አሮጌው ደግሞ ጎድጉዶ ነበር። አልመልሰውም! እና አንተ ነህ ለካ የጻፍከው! ነገ ለጎረቤቶቼ ሁሉ እናገራለሁ።»

ልቡ ግማሽ ብቻ ነው የተረጋጋው። በማግስቱ ከመምህርቷ ጋር ወደ አዳራሹ ሄዱ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ነው። አርባ ያህል ሰዎች በካርቶን በተከፋፈሉ ጠባብ ጠባብ ጠረጴዛዎች ላይ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የእሱ ስድስት ዓረፍተ ነገር ተሰክቷል። ያልጠበቀው ግን ነጥቦቹን ነው፤ አራት ነጥቡንም ድርብ ሰረዙንም በቀይ አድምቀውታል፣ የሚተነፍሱበትን እንዳይስቱ።

«ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ የቷ ናት?» አለ አለቃዪቱን።

ከማዕዘኑ አንዲት ሴት ተነሳች። ፀጉሯ ነጭ ነው፤ የንባብ መነጽር በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእሱ በሁለት ዓመት ብታንስ ነው። ዕድሜዋን ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ስትሰፋ ኖራ፣ ዓይኗ ሲደክም ነው ወደዚህ የመጣችው። ድምፅዋ ብቻ ነው ያላረጀው።

«ይቅርታ… ልጄ ስልዎት ከርሜ» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«ምነው፣ ይበሉኝ እንጂ» አለች እየሳቀች። «ከናቴ ወዲህ ልጄ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ዝም ብዬ ሰማሁት።»

ሁለቱ ከአለቃዪቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አራሚው ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ «ጀርባ ለሚያማቸው» የሚለው ላይ አስቀመጠው። «ይህን ማን አለ?»

አለቃዪቱ ከሳጥን ውስጥ የፋብሪካውን ወረቀት ፈልጋ አወጣች። የሚለው «መካከለኛ ጥንካሬ» ብቻ ነው። የቀረውን ማን እንደጨመረው አታውቅም፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት የነበረ ነው።

«ታዲያ ምን እንበል?» አለች። «መካከለኛ ጥንካሬ ብለን ማን ይገዛናል?»

«እኔ አለኝ» አለች ባለመነጽሯ ሴት። «ለሠራተኛ ሲሸጡ ገዝቼ ሁለት ዓመት ተኝቼበታለሁ። ከልጅ ልጄ ጋር። አልጎደጎደም።»

«አይቆረቁርም?»

አሰበች። «መጀመሪያ ሳምንት ትንሽ። ከዚያ አይቆረቁርም።»

አራሚው ሰረዘና ጻፈ፦ «መካከለኛ ጥንካሬ አለው። እኔ ሁለት ዓመት ተኝቼበታለሁ፤ አልጎደጎደም። መጀመሪያ ሳምንት ትንሽ ይቆረቁራል።» ፍራሹ ለሌላቸው ደዋዮች ደግሞ «እኔ… ተኝቼበታለሁ» የሚለውን «ባልደረባዬ… ተኝታበታለች» ብለው እንዲያነቡት ሥሩ ላይ አስፍሮላቸዋል። አለቃዪቱ ወረቀቱን ይዛ ረጅም ሰዓት አየችው። ባለመነጽሯ ግን ማዳመጫዋን አድርጋ፣ በአዲሱ ወረቀት አንድ ቁጥር ደወለች። «ትንሽ ይቆረቁራል» የምትለው ጋ ስትደርስ አለቃዪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ከማዳመጫው አልፎ ለሁሉም ተሰማ። ገዛ ወይስ አልገዛም፣ አራሚው ያኔ አልጠየቀም። አለቃዪቱ ብቻ «እስቲ ለአንድ ወር እንሞክረው» አለች፤ ወሩ አልፎም ወረቀቱ ከካርቶኑ ላይ አልወረደም።

እነሱ ይህን ሲሠሩ መምህርቷ በጠረጴዛዎቹ መሀል እየዞረች ነበር። አንዱን ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ቀና በል፣ ድምፅ ከሆድ ነው የሚመጣው» ስትለው ሰማት። ሊወጡ ሲሉ ሦስት ደዋዮች ደረጃው ድረስ ሸኟት።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት። ከሰዓት በኋላው ሞቅ ያለ ነው፤ መንገዱ ላይ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገዋል።

«የኛ ፍራሽ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች ድንገት።

«አትጀምሪ።»

«ጠየቅኩ እንጂ ግዛ አልኩህ?»

አራሚው በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ አንዱ እጁ አልበቃው ሲል ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። መምህርቷ ጣቶቹን አየቻቸው። ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደግፋ በመስኮቱ ትመለከታለች። ከሠፈራቸው አንድ ፌርማታ ቀደም ብለው ወረዱ። አየሩ ደስ ይል ስለነበር፣ የቀረውን መንገድ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀስ እያሉ በእግራቸው ሄዱት።